የባሕሩ ጀርባ

ባለፈው ሰሞን ድሬዳዋ፣ ታይዋን የሚባለው ገበያ ገብቼ መጋረጃ ስመርጥ ሻጩ አዲስ ጥቅል ከላስቲኩ አወጣና ፊቴ ዘረጋው። ያ ሽታ መጣ። አዲስ ጨርቅ በድሬ ሙቀት ከላስቲክ ሲወጣ እንዴት እንደሚሸት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ትንሽ ጋዝ ጋዝ፣ ትንሽ ሙጫ ሙጫ ይላል፤ ከሥሩ ደግሞ ብዙ ቀን መርከብ ላይ ታፍኖ የከረመ እርጥበት አለው። ሳላስበው እጄ ጨርቁን ገለበጠው። ጀርባውን አየሁ፣ ክሩን በጥፍሬ ሞከርኩ፣ ወደ ብርሃኑም ዞር አድርጌ ያዝኩት። ሻጩ ፊቱን አጨፍግጎ የሐሊማ ዘመድ ነሽ እንዴ አለኝ። የልጅ ልጇ ነኝ አልኩት። ከዚያ በኋላ ብዙም አልተከራከርንም።

ሐሊማ የእናቴ እናት ናት። እኛ ቤት አያት የምትጠራው በሶማሊኛ አዬዮ ተብላ ነው። ድሬ ላይ አንቱታ እምብዛም ስለሌለ አንቺ እያልኳት አድጌያለሁ፤ አሁን አንቱ ብላት እንደ ባዕድ የቆጠርኳት ይመስላታል። ታይዋን ውስጥ የጨርቅ ሱቅ ነበራት፤ ድሪያ የሚባለውን ስስ የሴት ቀሚስ፣ መጋረጃ፣ የአልጋ ልብስ ትሸጥ ነበር። ጨርቅ በፊቱ አይታ አታውቅም። "ፊቱን ማን አሳመረው? ሻጭ። ጀርባውን ማን አሳመረው? ማንም። እንግዲህ የቱ ነው እውነቱን የሚናገረው?" ትላለች። ይህን ሕጓን ከጨርቅ አልፋ ለጫማም፣ ለምንጣፍም፣ ለሰውም ታውለዋለች። እናቴን ለጋብቻ የሚጠይቅ ሰው ሲመጣ ፊቱን ቀና ብላ አታየውም፤ ተሰናብቶ ሲወጣ ግን በር ላይ ቆማ የጫማውን ተረከዝ ትመረምራለች።

ይህ ሕግ እኔን ከእናቴ ሊያስቀረኝ ምንም ያልቀረው ዘጠኝ ዓመቴ ላይ ነው።

እናቴ ሳሚራ ማርሴይ ከገባች ያኔ አምስት ዓመት ሆኗት ነበር። አባቴ ከእኛ ጋር ኖሮ አያውቅም፤ እሱን እንተወው። እናቴ እዚያ የአንድ ሆቴል አንሶላና ፎጣ ታጥባለች። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ከአንድ ጅቡቲያዊ ጋር ኒካሕ አስራ፣ እኛም በስልክ ሰምተን እልል ብለናል። እኔ እናቴን የማውቃት በድምፅዋ ነበር ማለት ይቻላል። ሌሎች ልጆች እናታቸውን በእግር ኮቴዋ ይለያሉ፤ እኔ ከመናገሯ በፊት በምትስበው ትንፋሽ እለያታለሁ።

ሚያዝያ ላይ የድምፅ መልእክት ላከችልን። ነሐሴ ሲገባ ሁለታችንንም ልታስመጣን ነው፤ ባሕር ዳር ቤት ተከራይተን አሥር ቀን እናርፋለን። ሰባት የባሕር ዳርቻ ፎቶ ልካለች፣ ቆንጆውን እንምረጥ። ለቪዛ የሚያስፈልገው የመጥሪያ ወረቀት የሚላከው ቤቱ ከተያዘ በኋላ ስለሆነ ቶሎ እናሳውቃት። ነገሩ ለእኔ ግልጽ ነበር፤ ባሕር ካልተመረጠ ቤት የለም፣ ቤት ከሌለ ወረቀት የለም፣ ወረቀት ከሌለ እናቴ የለችም። ለሌላ ቤተሰብ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። እኛን ሦስት ወር ፈጀብን።

ፎቶዎቹን መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ። ስልኩ የአዬዮ ቢሆንም አከፋፈቱን የማውቀው እኔ ነበርኩ። ሰባቱም ያው ናቸው፤ ሰማያዊ ውሃ፣ ነጭ አሸዋ፣ አሸዋው ላይ ራቁታቸውን ለመሆን ትንሽ የቀራቸው ሰዎች ተጋድመዋል። እኔ የማውቀው አሸዋ የደቻቱን ነው። ደቻቱ በከተማችን መሀል የሚያልፍ ወንዝ ነው ይባላል እንጂ ዓመቱን ሙሉ ደረቅ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፣ ይነግድበታል፣ ኳስ ይጫወትበታል። ከዚያ አንድ ቀን በሐረር በኩል ካሉት ተራሮች ጎርፍ ይወርድና ያገኘውን ጠራርጎ ይሄዳል። ስለዚህ ፎቶውን ሳይ ወዲያው ገባኝ፤ እነዚህ ሰዎች ጎርፍ መጥቶባቸዋል፣ ልብሳቸውን ወስዶባቸዋል፣ ውሃው ደግሞ እዚያው ተኝቶ ቀርቷል። አንዲት አሮጊት በሁለት ብጣሽ ጨርቅ ቀርታ ሰማይ ሰማይ ታያለች። አንጀቴን በላችው። አዬዮን ከሱቅ ልብስ ይዘንላቸው እንሂድ አልኳት። ፎቶውን አየች፣ መልሳ አየች፣ ስንት ይሆናሉ ብላ ጠየቀችኝ። ነጋዴ ናት።

በማግስቱ አመሻሽ ላይ፣ ከአስር ሶላት በኋላ ምክክሩ በግቢያችን የኒም ዛፍ ሥር ተጀመረ። ሻሂ በወተት፣ አንድ ሰሃን ሳምቡሳ፣ መሀል ላይ ስልኩ። ከአዬዮ ሌላ ሁለት አዋቂዎች ነበሩ። አንዱ ወንድሟ ዋርሳሜ ነው። እናቴ አብቲ ትለዋለች፣ የእናቴ ወንድም ማለቷ ነው፤ እኔም ከእሷ ሰምቼ አብቲ እለዋለሁ። ሠላሳ ዓመት ወደ ጅቡቲ ወደብ የጭነት መኪና የነዳ ሰው ስለሆነ በሰፈሩ ባሕርን በተመለከተ የሚጠየቀው እሱ ነው። ሁለተኛዋ ኑሪያ ናት፤ ከአዬዮ ሱቅ ቀጥሎ ጫማ ትሸጣለች። ሐጅ ስትሄድ ቀይ ባሕርን ስላየች ከዋርሳሜ ላለማነስ ትታገላለች።

ኑሪያ መጀመሪያ ያደረገችው በመዳፏ የስልኩን የታች ግማሽ መሸፈን ነበር። ሰዎቹ ከሥር፣ ውሃው ከላይ ስለሆነ በዚህ ዘዴ ምክክሩ ሳይነውር ቀጠለ። ችግሩ ዋርሳሜ አሸዋውን ካላየሁ ብሎ መዳፏን ከፍ አድርጊ፣ ዝቅ አድርጊ ሲላት መዋሉ ነው። እሱ ባሕሩን የሚመዝነው በራሱ መንገድ ነው። አንዱን መንገዱ ጠባብ ነው፣ ተሳቢ አይዞርበትም ብሎ አጣጣለው። ሌላውን ጥላ የለውም፣ ሾፌር የት ይተኛል አለ። ኑሪያ ደግሞ ሴቶች የት ነው የሚቀመጡት፣ ለሶላት ውዱእ የት ነው የሚደረገው እያለች አንድ በአንድ ስታስቆጥር አመሸች። አዬዮ ሁሉንም አዳመጠች፤ ከዚያ ስልኩ ላይ ጎንበስ ብላ ለእናቴ መልእክት ተናገረች።

"ሳሚራ፣ ባሕሩን አየነው፣ ደህና ነው። አሁን ዙሪና ጀርባውን አንሺልን።"

እናቴ ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባትም። አዬዮ አብራራችላት፤ ሰው አሸዋ ላይ ከመቀመጡ በፊት ከኋላው ምን ተራራ፣ ምን ሸለቆ እንዳለ ማወቅ አለበት፣ ውሃ የሚመጣው ከዚያ ነው። እናቴ ሳቀች፤ ውሃው እኮ ፊት ለፊት ነው ያለው አለቻት። አዬዮ አልሳቀችም።

"እሱ የመጣው ነው" አለች፤ "እኔ የምጠይቅሽ ገና ስለሚመጣው ነው።"

ከዚያ ጀምሮ እናቴ ዕረፍቷን ሁሉ በአውቶቡስ ከባሕር ወደ ባሕር መዞር ያዘች። እዚያ የሚያያት ሰው ምን ብሎ እንደሚያስብ ዛሬም ሳስበው ያስቀኛል። ዓለም ሁሉ ውሃውን ፎቶ ሲያነሳ እሷ ለውሃው ጀርባዋን ሰጥታ የመኪና ማቆሚያ ታነሳለች። ፎቶዎቹ እየቆዩ አንድ በአንድ መጡ። የሽንት ቤት ግድግዳ፣ የተቆለለ ወንበር፣ ጥድ የበቀለበት ኮረብታ፣ የቆመ አምቡላንስ። እያንዳንዱ ሲመጣ ባሕሩን ከኋላው በታየው ነገር ስም አወጣንለት። ጥዱ፣ ደረጃው፣ ድልድዩ፣ ገደሉ፣ ሆቴሉ፣ ጃንጥላው፣ ገንዳው። ገንዳው የመጨረሻው ነበር፤ ሁለት ትልልቅ የቆሻሻ ገንዳዎች ስለተደረደሩበት ነው። ሰማያዊ ውሃ ለሳምንታት ያየ ሰው ከመካከላችን አልነበረም።

አዬዮ እንደ ጨርቅ ዘረጋግታ መረመረቻቸው። ድልድዩ ወደቀ፤ ድልድይ ካለ ወንዝ አለ። ደረጃው ወደቀ፤ ውሃ ደረጃ ይወዳል። ጥዱ ከኮረብታው መሀል የሚወርድ ቦይ ስላለው ወደቀ። አንድ ባሕር በወደቀ ቁጥር ጣቶቼን እያጠፍኩ ቆጥሬ አምስት ቀሩ፣ አራት ቀሩ እያልኩ አድር ነበር። እናቴ መልእክት ስትልክ ቁና ቁና ትተነፍሳለች፤ ዳገቱ ነው ትለናለች። እኛም ዳገት ያለው ባሕር ጥሩ ነው፣ ከፍ ያለ ነው ብለን እንጽናና ነበር።

አንድ ቀን ሌላ የምለው ቢጠፋኝ ዋርሳሜን እግር ባሕር ውስጥ ሲገባ ይቀዘቅዛል ወይስ ይሞቃል ብዬ ጠየቅኩት። ሻሂውን አስቀመጠ። እንደ ወቅቱ ነው አለ። በበጋስ አልኩት። እንደ ሰዓቱ ነው አለ። ኑሪያ ነገሩ ሸተታትና አፋጠጠችው። በመጨረሻ ወደቡ አጥር እንዳለው፣ ሾፌር ከአጥሩ እንደማያልፍ፣ ሙቀቱም ከመኪናው ሥር አላስወጣ እንዳለው አመነ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ባሕሩን የሚያውቀው ከሩቅ በሚመጣ ሽታ ነው። ኑሪያ ሻርፗ ከራሷ እስኪወድቅ ሳቀችበት። እሱም አልለቀቃትም፤ እሷ ያየችው በአውቶቡስ መስኮት መሆኑን፣ ያውም ተኝታ ሳለ ጎረቤቷ ቀስቅሳ እንዳሳየቻት አስለፈለፋት። ከዚያ ቀን በኋላ ከመካከላችን ባሕር የሚያውቅ ሰው እንደሌለ ተረጋገጠ። ምክክሩ ግን አልቆመም።

ሰኔ መጨረሻ ላይ ከአዬዮ ጋር ከገበያ ስንመለስ ደቻቱ ዳር ደረስን። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ፀሐዩ የሚያቃጥል ነው። አሸዋው ላይ አንድ ሰው ሐብሐብ ከምሮ ይሸጣል። እንደ ሁልጊዜው በመሀል አቋርጠን እንሂድ ስላት አዬዮ ወደ ሐረር ተራሮች አየችና ቆመች። ከላይ ጠቁሯል። የእኔ አፍ ግን አላረፈም። አሸዋ ምንም እንደማያደርግ፣ ማርሴይም ያለው አሸዋ ብቻ እንደሆነ፣ እሷ በከንቱ እንደምትፈራ ነገርኳት። ጉዞው እንዳይቀርብኝ ብዬ እንጂ እኔም ደቻቱን እፈራው ነበር። እጄን አጥብቃ ያዘችኝ፣ ለሐብሐብ ሻጩም ተነስ አለችው። ሳቀባት። ብዙም ሳይቆይ ድንጋይ የጫኑ መኪኖች ተከታትለው የሚመጡ የሚመስል ድምፅ ሰማን፤ የረጠበ አፈር ሽታ ከድምፁ ቀድሞ ደረሰ። ሰውየው ሚዛኑን ብቻ ይዞ ወደ ዳር ዘሎ ወጣ። ቡናማው ውሃ መጣና ሐብሐቦቹን አነሳቸው፤ እየተንከባለሉ አንዱ ሌላውን እየገፋ በፊታችን አለፉ። ሻጩ ሲያያቸው ቆየና ለራሱ መሳቅ ጀመረ፤ ሌላ ምን ያድርግ። አዬዮ አላልኩም ወይ እንኳ አላለችም። ቤት ስንገባ ስልኩን አስከፍታኝ ገደሉንና ሆቴሉን ጣለች። ያን ቀን ልከራከራት ድፍረት አላገኘሁም።

ጃንጥላውም ከሦስት ቀን በኋላ ወደቀ፤ ከኋላው ያለው ግንብ ተሰንጥቋል ተባለ። ሐምሌ ገባ። እናቴ ቤት የምትይዝበት ጊዜ ሊያልቅ አንድ ሳምንት ቀረው። የገንዳው ጀርባ ፎቶ ያኔ መጣ። ሁለቱ ገንዳዎች፣ ከኋላቸው ዝቅ ያለ ግንብ፣ ከጎኑ የተዘጋ የአይስክሬም መሸጫ። ኑሪያ እንኳን ለዕረፍት፣ ለቆሻሻም አይመችም አለች። አዬዮ ግን ለእኔ የተለመደውን ሥራ ሰጠችኝ፤ ፎቶውን በሁለት ጣት አስፍቼ ግንቡ ላይ የጎርፍ ምልክት እንድፈልግ።

በጣት በጣት ከግንቡ ዳር እስከ ዳር ሄድኩ። ምልክት የለም። አልፌ የአይስክሬም መሸጫው መስታወት ላይ ደረስኩ። መስታወቱ ውስጥ ሴት ቆማለች። ስልኳ ፊቷን ሸፍኖታል፤ ግን ያን ቀይ ሻርፕ አውቀዋለሁ፣ አዬዮ በመንገደኛ የላከችላት ነው። እናቴን ከእግር እስከ ራሷ ካየሁ ስንት ጊዜዬ ነው።

"እማ ናት" አልኩ፤ "ቀሚሷ ውስጥ ሐብሐብ ይዛለች።"

አዬዮ ስልኩን ከእጄ ወስዳ ዓይኗ ሥር አስጠጋችው፣ አራቀችው፣ መልሳ አስጠጋችው። ኑሪያ ከትከሻዋ በላይ አየችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ማሻአላህ አለች። ዋርሳሜ ፊቱን ወደ ዛፉ አዞረ። አዬዮ በለሆሳስ መቁጠር ጀመረች፤ ከረመዳን ወዲህ ሳሚራ የፊቷን ፎቶ አልላከችም፣ ካሜራው ተበላሽቷል ብላናለች። በተበላሸው ካሜራ ግን ስንት ግድግዳና ስንት ወንበር ጥርት ብሎ መጥቶልናል። የሰባት ባሕር ጀርባ የመረመርን ሰዎች ይህን ልብ አላልንም።

አዬዮ ደውዪ አለችኝ። እናቴ ስታነሳው ገና እየሳቀች ነበር፤ የገንዳውም ጀርባ ወደቀ እንዴ ብላ ጠየቀች።

"ስንተኛ ወርሽ ነው?" አለቻት አዬዮ።

ሳቁ ጠፋ። የራሴን ያህል የማውቀውን ያን ትንፋሽ ሰማሁት። "ስድስተኛ" አለች።

አዬዮ እኔን እናትሽን እንዴት ትደብቂኛለሽ ብላ ልትቆጣ ስትጀምር እናቴ አቋረጠቻት። "አንቺን አይደለም የደበቅኩት፣ ሆዮ፣ እናቴ። ልጄን ነው። አምስት ዓመት ትቻት ሄጄ፣ አሁን ሌላ ልወልድ ነው ብዬ በስልክ እንዴት ልንገራት? ቆንጆ ቦታ አስቀምጫት፣ እጇን ይዤ ልነግራት ነበር። ለዚህ ነው ባሕር ምረጡ ያልኳችሁ።"

ስልኩ ለሁላችንም እንዲሰማ ተደርጎ እንደነበር ማናቸውም አላስታወሱም።

አዬዮ ለሐኪም ቤትሽ የሚቀርበው ባሕር የትኛው ነው ብላ ጠየቀቻት። ገንዳው አለች እናቴ። አዬዮ እሱን ያዢው አለች። ዋርሳሜ ግንቡ ዝቅ ያለ መሆኑን፣ ከኋላው ምን እንዳለ በደንብ እንዳልታየ ሊያስታውሳት ሞከረ። "ጎርፍ ከመጣ እኔ አለሁ" አለችው፤ በዚህ ጉዳይ ከዚያ ወዲህ አንድ ቃል አልተናገረችም።

ሦስት ወር የለመንኩት ነገር ሆነ። ባሕሩ ተመረጠ። እኔ ግን ሐብሐብ አለመሆኑ ገብቶኝ ነበር፣ ደሜም ፈልቷል። እኔ ለአምስት ዓመት ድምፅ ብቻ ስሰማ ያ የማላውቀው ልጅ እሷው ውስጥ ቁጭ ብሏል። ሰባቱንም ባሕር ከእኔ በፊት ዞሯል፣ ከፊትም ከኋላም። በዚያ ዕድሜዬ ከዚህ የበለጠ ግፍ አላውቅም ነበር።

"እኔ አልሄድም" አልኩ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። አዬዮ ልትቆጣኝ አፏን ከፈተችና ተወችው፤ ስልኩን ጭኔ ላይ አስቀምጣልኝ ኑሪያንና ዋርሳሜን በዓይኗ ጠቅሳ ወደ በሩ ወሰደቻቸው። እርግጥ ነው ሦስቱም ከበሩ አልፈው አልሄዱም። እናቴ ቪዲዮውን ከፈተችው። ቀድሞ ከማውቀው ፎቶዋ ይልቅ ጉንጯ ሞልቷል፣ አፍንጫዋ አብጧል፣ ዓይኗ ቀልቷል። ቀና ብዬ ላያት አልፈለግኩም፣ ግን አየኋት። የፈለግሽውን ጠይቂኝ፣ የፈለግሽውን ተናገሪኝ አለች። ብዙ አሰብኩ። ብዙ የምጠይቀው ያለኝ ይመስለኝ ነበር፤ ሲቆጠር አንድ ብቻ ሆነ።

"እሱን በአንድ እጅሽ ትይዢዋለሽ" አልኳት። "ሌላኛውስ?"

እጇን ልታሳየኝ ብላ ስልኩን ለቀቀችው መሰለኝ፣ ምስሉ ተገለባበጠና ጣራ ብቻ ሆነ፤ መሀሉ ላይ አንድ አምፖል። በሩ ጋ ያሉት ወደቀች እንዴ እያሉ ሲተራመሱ ሰማሁ። ከዚያ ከስክሪኑ ግራና ቀኝ ሁለት መዳፎች ቀስ ብለው ገቡ፤ ጣቶቻቸው ተዘርግተዋል፣ ሳሙና የበላው ቆዳቸው ተላልጧል። እዚያው ከአምፖሉ ሥር ቆሙ። ከሥር የሆነ ቦታ እናቴ እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች መለየት አልቻልኩም።

መዳፎቹን አንድ በአንድ አየኋቸው።

"እሺ" አልኩ፤ "ቀኙ ግን የእኔ ነው።"